የሁንዴ ማይልና የፈይዛ መህር

የሁንዴ ከፊል፣ ማለት በስሙ ፈቃድ አውጥቶ የሚያሠራው ሳዑዲ አሠሪው፣ አውሮፕላን ባይፈራ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ሰውዬው ጀዳ ውስጥ የታወቀ የቡና ገለፈት ነጋዴ ነው፤ ዓረቦቹ ቀሽር ብለው አፍልተው የሚጠጡትን። በጎልማሳነቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳፍሮ ነበር አሉ። አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ገብቶ ሲንገጫገጭ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ጺም ጨምድዶ ያዘ፤ መሬት ሲያርፉ ሰውዬው ወረደ፣ ጺሙ ግን ከፊሉ እጅ ላይ ቀረ። ጺሙ መያዙ እውነት ነው፤ እጁ ላይ መቅረቱ የሁንዴ ጭማሪ ሳይሆን አይቀርም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ከፊሉ መሬት ያልነካ ነገር ላይ እግሩን አያሳርፍም።

ገለፈቱ ደግሞ ያለው አዲስ አበባ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ደርቋል ወይ፣ አፈር ተቀላቅሎበታል ወይ ብሎ ጆንያ ውስጥ አፍንጫውን የሚከት ሰው ያስፈልጋል። አፍንጫ ያለው ሁንዴ ነው። እናም ሌላው ሐበሻ አገሩን በዓይኑ ለማየት የከፊሉን ፊት እያየ ዓመታት ሲገፋ፣ የከሚሴው ልጅ ሁንዴ ከጀዳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጀዳ እንደ ሚኒባስ ይመላለሳል።

ታዲያ አንድ ቀን አየር መንገዱ ስሙ በጉልህ የተጻፈበት ወርቅማ ካርድ ላከለት። «በተደጋጋሚ ስለበረሩ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ከፍ አድርገንዎታል» ይላል መልእክቱ። ሁንዴን ከፍ ያደረገው ሰው ኖሮ አያውቅም። እናቱ እንኳ በሕፃንነቱ አንስታ ወዲያው ነው ያወረደችው፤ ይናከስ ነበራ።

ካርዱ በረከት ነበረው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እንደ ዘንዶ የሚጠማዘዘው ሰልፍ ለሌላው ሰው ሆነ፤ ለሁንዴ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት አጭር መስመር አለው። እስኪሳፈር የሚያርፍበት ላውንጅ የሚሉት ክፍል አለ፤ የሚበላው የሚጠጣው በነጻ። በዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ያለ ክፍያ ይጭናል። በበረረ ቁጥር ደግሞ ማይል የሚባል ነገር በስሙ ይጠራቀምለታል፤ ሲበዛ በቲኬት ይመነዘራል። ይህ ለማንም ሰው በቂ በረከት ነው። ለሁንዴ ግን ትልቁ በረከት የሚያወራው ነገር ማግኘቱ ነበር።

«ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ራሱ ያሽሃል» ይላል፣ ካራንቲና በሚባለው የጀዳ ሰፈር ከሰባት ሰው ጋር በሚጋራት ክፍል ፍራሹ ላይ ተጋድሞ። «ሾርባው ስምህን ጠይቆ ነው የሚመጣው። ባለፈውማ ላውንጁ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ አብራሪው ‹ሁንዴ ሳይገባ ሞተር አላስነሳም› ብሎ አገር ምድሩን አቁሞ ሲጠብቀኝ!»

«መሪውን አልሰጠህም?» ይለዋል ሞላልኝ። ሞላልኝ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል፣ ማታ ደግሞ የሁንዴን ወሬ የሚሸከም የወሎ ልጅ ነው።

«ሰጥቶኝ ነበር። መንጃ ፈቃዴን እዚህ ትራስ ስር ረስቼው ሄጄ ነው እንጂ።»

ጉዱ የመጣው በተጨማሪው ሻንጣ በኩል ነው። ካራንቲና ውስጥ ወሬ ከአውሮፕላን ይፈጥናል፤ ሁንዴ ትርፍ ኪሎ አለው የሚለው ወሬ ደግሞ ወደብ ተሻግሮ፣ ሩዋይስ ገብቶ፣ የሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ኩሽና ድረስ ደረሰ። መጀመሪያ የመጣችው ዓይናለም ናት፤ ሩዋይስ አንዲት ማዳም ቤት የምትሠራ የደብረ ብርሃን ልጅ። «ሁንዴዬ፣ ለእናቴ ትንሽ መድኃኒት ብቻ» አለች። መድኃኒቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱ በምንጣፍ ተጠቅልሎ መጣ። ከሷ ቀጥሎ የግፊት ድስት መጣ። ከድስቱ ቀጥሎ አዛን የሚያደርግ የግድግዳ ሰዓት መጣ፤ ያውም ሻንጣው ሚዛን ላይ በወጣባት ቅጽበት የዙሁር ሰዓት ደርሶ ከልብስ መሃል «አላሁ አክበር» ሲል፣ ሚዛኑ ጋ የነበረው ጎልማሳ ሻንጣውን ትቶ ለሶላት ሄደ።

አዲስ አበባ የሚፈትሹት ሰዎች አንድ ቀን ሻንጣውን ከፍተው፦

«ይህ ሁሉ የሴት ጫማ ያንተ ነው?» አሉት።

«እግሬ እንደ አየሩ ጠባይ ይለዋወጣል።»

ጀዳ ውስጥ ሰላምታ ጠፋ። ያገኘው ሁሉ እጁን ይዞ፣ ስለ ጤናው ሳይጠይቅ፣ «ሁንዴ፣ ኪሎ አለህ አይደል?» ሆነ። ሁለት ሻንጣ እየጫነ ለራሱ የሚቀይረው ሸሚዝ ማስገቢያ አጣ። እምቢ እንዳይል ደግሞ ካርዱ ሰው አድርጎታል። ድሮ «ያ ቀበጣሪ» ነበር የሚሉት፤ አሁን ሲያልፍ የተቀመጠ ሰው ይነሳለታል። ለሚነሳልህ ሰው ድስት አልጭንም ማለት ይከብዳል።

ሁንዴ ፈይዛን የተዋወቃት መካ፣ መንሱር ሰፈር ነው። ተዋወቃት ማለት እንኳ ያበዛዋል። አጎቷ አቡ ሁዳ ዑምራ ጨርሰው የሚመጡትን ሰዎች ፀጉር የሚላጭ፣ መካ ውስጥ ፂሙ የሸበተ የባቲ ሰው ነው፤ በትልቋ ልጁ በሁዳ ስም ነው ሰው የሚጠራው። ከፀጉር ቤቱ ጎን የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት አለ። በመሃል ያለው ግድግዳ ላይ መጋረጃ የተጋረደባት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ ለሻይ ማቀበያ የተተወች። ሁንዴ ዑምራ አድርጎ ሊላጭ ተቀምጦ ሳለ፣ መጋረጃው ከፈት ብሎ መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ ብረት ያጠለቀች እጅ ሻይ ይዛ ወጣች።

«አጎቴ፣ ሻይዎ። ሰውዬውን ደግሞ ዝም እንዲል ይንገሩልኝ፤ ስፌቴን አጣመመው።»

ሁንዴ ያን ጊዜ ስለ አብራሪው እያወራ ነበር። ዝም አለ። በሕይወቱ ዝም ያሰኘው ሰው ስላልነበር፣ ይህችን ሴት ማግባት አለብኝ ብሎ የወሰነው እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ራሱ ግማሽ ተላጭቶ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጁምዓ ከጀዳ መካ እየወጣ ራሱን ይላጭ ጀመር። አቡ ሁዳ አንድ ቀን ምላጩን ይዞ ቆሞ ጭንቅላቱን እያሻሸ፦

«ልጄ፣ ምኑን ልላጭልህ? ያለፈው ሳምንት የላጨሁት ገና ከቤቱ አልወጣም።»

«ለዘመዶቹ መንገድ ይጠረግ ብዬ ነው።»

«የምትፈልገው ፀጉር መላጨት አይመስለኝም። ዓይንህ ያለው መስኮቷ ላይ ነው።»

አቡ ሁዳ የፈይዛ የአባቷ ወንድም ነው። አባቷ ስለሞተ ለኒካህ የሚሰጣት ወሊይዋ እሱ ነው። ሁንዴም ሳሙናው ከነአረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ምላጩ ጉሮሮው አጠገብ እንዳለ፣ ሽማግሌ ሳይልክ ጥያቄውን አቀረበ። ያለ ዘዴም አልጠየቀም፤ ሰው ስለት በእጁ ይዞ አይቆጣም ብሎ ነው። ተሳሳተ።

«ምን ይዘህ?» አለ አቡ ሁዳ፣ ምላጩን በጨርቅ እየጠረገ። «ካራንቲና ውስጥ ፍራሽ፣ ሌላ ምን አለህ?»

«ማይል አለኝ።»

«ምን?»

«ማይል! አቡ ሁዳ፣ አንቱ አያውቁትም። የኔ ማይል እንኳን አንድ ሰው፣ የባቲን ገበያ ከነግመሉ አንስቶ መካ ያወርደዋል። አየር መንገዱ ራሱ ‹ኧረ ሁንዴ ቀንስልን፣ ማስቀመጫ አጣን› ብሎ ለምኖኛል።»

መጋረጃው ተከፈተ።

«አጎቴ፣ ለኒካሁ የሚሰጠኝን ጥሎሽ፣ መህሬን አገኘሁት» አለች ፈይዛ። «ወርቅ አልፈልግም፣ ልብስ አልፈልግም። ረመዳን ሳይገባ እናቴን በማይሉ ያምጣልኝ። ግመሎቹ ይቅሩበት።»

የፈይዛ እናት እማ ሩቂያ ባቲ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የካዕባ ሥዕል ያለበት ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ጠዋት ሲነሱ እሱን እያዩ «ዘንድሮስ?» ይሉታል አሉ። ይህን ልጃቸው ስትናገር ድምጿ ትንሽ ቀጠነ፤ ወዲያው ግን አጠነከረችው። «የሚያወራውን ሁሉ በግድግዳው ሰምቻለሁ። ከመቶ አንዱ እውነት ከሆነ እናቴ ትመጣለች። ካልሆነ ደግሞ ፀጉሩ እስኪያድግ እዚህ እንዳይመጣ።»

አቡ ሁዳ ምላጩን አስቀመጠ። «ቆይ፣ መህር እኮ ንብረት መሆን አለበት። ይህ ማይል የምትለው በእጅ ይያዛል?»

«አይያዝም።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይታያል?»

«ስልክ ላይ ብቻ።»

«ታዲያ ጂን ነው በለኛ!»

ነገሩ ሰፈሩ ውስጥ ካሉ አንድ የወሎ ሼህ ዘንድ ደረሰ። ሼሁ ሦስቴ ካስደገሙት በኋላ፣ «ሰውን ከአገር አገር የሚያደርስ ከሆነ ጥቅም አለው፤ ሴቲቱም ከወደደችው መህር ይሆናታል» ብለው ፈረዱ። ሲወጣ ደግሞ ሁንዴን ወደ ጎን ጠርተው፣ «እኔም እህት አለችኝ፣ ወረባቦ» አሉት። ኒካሁ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ላለው ለሻዕባን ወር መጨረሻ ጁምዓ ተቆረጠ። እማ ሩቂያ ከዚያ በፊት ካልመጡ ኒካሁ የለም።

ሁንዴ ጀዳ ተመልሶ፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አየር መንገዱ ዘንድ ደወለ። ሞላልኝ አጠገቡ ጆሮውን ተክሎ ተቀመጠ። የምታነሳው ልጅ ድምጿ ማር ነው።

«አቶ ሁንዴ፣ ለወርቅ ደረጃ ደንበኝነትዎ እናመሰግናለን። በቂ ማይል አለዎት።»

ሁንዴ ዘሎ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። «ሰማህ? በቂ ነው አለች!»

«ግን» አለች ልጅቱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የነጻ ነገር ሁሉ ጅራቱ «ግን» ነው።

«ግን ግማሹ ማይልዎ በዚህ ወር መጨረሻ ይቃጠላል።»

«ለምን? ምን አጠፋ?»

«ጊዜው ያልፍበታል። ሌላው፣ ከረመዳን በፊት በኢኮኖሚ ለማይል የተመደበው ወንበር አልቋል። ያለው ቢዝነስ ነው፤ የሚወስደውም እጥፍ ነው። ያለዎትን ማይል በሙሉ ጠርጎ ይወስዳል፤ ለመሄጃ ብቻ።»

«ይውሰደው! መመለሻውን ኪሴ ያውቃል።»

«ለማን ልቁረጥ?»

«ለአማቴ።»

«ለቤተሰብ አባል ብቻ ነው የምንቆርጠው። የጋብቻ ማስረጃ ይላኩልን።»

«ጋብቻው እሳቸው ሲመጡ ነው።»

«እንግዲያው ሲያገቡ ይደውሉልን።»

«ካልመጡ አላገባም!»

«ካላገቡ አይመጡም።»

ሁንዴ ስልኩን ከጆሮው አራቀና እንደ ጠላት አየው። መልሶ አስጠጋው። «እሺ፣ እናቴ ናቸው።»

«ቅድም አማቴ ብለውኝ ነበር።»

«ሁለቱም ናቸው።»

 ማሯ ድምፅ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብላ ሸኘችው። ሞላልኝ ሆዱን ይዞ ፍራሽ ላይ ተንከባለለ። «አንተ ሰው፣ መሪ የሰጡህ ሰዎች አንዲት ባልቴት ከለከሉህ?»

«ዝም በል፣ ሞላልኝ።»

«ካርድህን ሽሮ አስነክተህ ብላው በቃ!»

ሁንዴ ያን ሌሊት አልተኛም። ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ አንድ የሚያምር ውሸት ፈጥሮ ቀጠሮውን ማራዘም፣ ወይ እውነቱን መናገር። ውሸቱን ፈጠረው፤ አውሮፕላኑ ክንፉ ታሞ ሐኪም ቤት ነው የሚል ነበር። ጁምዓ ጠዋት መካ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን መጋረጃው ትንሽ ከፈት ብሎ አየ። ከበስተኋላው የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል። ልጅቱ እየጠበቀች ነው። ያች ጥርት ያለች ዝምታ ውሸቱን አፉ ውስጥ አቀለጠችው። እናም ሁንዴ፣ ከከሚሴ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድም ነገር ሳይጨምር ሁሉንም ተናገረ።

አቡ ሁዳ አልሰማ አለ። «እናትየዋ የሚመጡት ስታገባ፤ የምታገባው እናትየዋ ሲመጡ? ኸላስ! እስከ ዛሬ ያወራኸውን ችዬሃለሁ፤ ይኸኛው ግን ጭንቅላትም ጅራትም የለው። ተነስ ከወንበሬ።»

«ወላሂ እውነቴን ነው።»

«ወላሂን ተዋት፤ ጾም እየመጣ ነው።»

ሁንዴ ስልኩን አወጣ፤ ለሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፈተና ደወለ። ማሯ ልጅ አነሳች። አቡ ሁዳ አንድ ዑምራ አድርጎ የመጣ የቤንጋል ሰው ጭንቅላቱን ግማሽ ላጭቶ ይዞት ነበር፤ ሰውየውን እንደዚያው ትቶ ስልኩ ላይ አጎነበሰ።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ የሴቲቱ ወሊይ ነኝ። ምላጭ ይዣለሁ። ይህ ሰው የሚለው እውነት ነው?»

«አዎ አባባ፣ ደንቡ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«ድርጅቱ።»

«ድርጅቱ ሚስት የለውም?»

ልጅቱ መሳቋን ለመደበቅ ሳለች። የቤንጋሉ ሰው በመስታወቱ ግማሽ ፀጉሩን እያየ «ያላ፣ ያላ» ይላል። በዚህ መሃል መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ፈይዛ እስከ ትከሻዋ በመስኮቷ ወጣች። ፊቷን ሁንዴ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየው። አቡ ሁዳን እንኳ ረሳ።

«አጎቴ፣ መህር ቀጠሮ አይሰጠውም እንዴ? ኒካሁ ይታሰር፤ መህሬ በኋላ ይሁን። ወረቀቱን ይላክና ቲኬቱን ይቁረጥ።»

«ለዚህ ሰው ቀጠሮ? በምን መያዣ?»

«በካርዱ።» እጇን ወደ ሁንዴ ዘረጋች፤ ብረቷ ጣቷ ላይ አለች። «እናቴ ጀዳ መሬት እስክትረግጥ ካርዱ እኔ ጋ ይቀመጣል፤ እኔም አጎቴ ቤት እቀመጣለሁ። ማይሉ ከተቃጠለ ደግሞ ኒካሁም አብሮ ይቃጠላል፤ ትፈታኛለህ። ተስማምተሃል?»

ሁንዴ ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ያቺ ካርድ ሰው ያደረገችው ካርድ ናት። ቁጥሩ ስልኩ ላይ እንዳለ ያውቃል፤ ቢሆንም ሲሰጣት ጥርስ እንደሚነቀል ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

ኒካሁ በሳምንቱ፣ አቡ ሁዳ ቤት፣ ሼሁ ባሉበት ታሰረ። ሼሁ መህሩን ጮክ ብለው ሲያነቡ «አንድ የአውሮፕላን ወንበር፣ ከአዲስ አበባ ጀዳ» ሲሉ ምስክሮቹ ተያዩ። ከዚያ ያለው ሩጫ ነው። ወረቀቱ ቆንስላ ሄደ፣ ማኅተም ጠበቀ፤ ማኅተም የሚመታው ሰው ምሳ ሄደ፣ ከምሳ ሲመለስ ቁልፉን ረሳ። የወሩ መጨረሻ ቀን ሁንዴ አግብቶ ሚስት የሌለው፣ ባለ ወርቅ ሆኖ ካርድ የሌለው ሰው ሆኖ ቆንስላው በር ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ላይ ማይሉን ያያል፤ እንደሚሞት ዘመድ። ከሰዓት በኋላ ማኅተሙ ጠብ አለ። ፎቶ አንስቶ ላከ። ጀምበሯ ወደ ቀይ ባሕር ስትወርድ «ቲኬቱ ተቆርጧል» የሚል መልእክት ገባ፤ ማይሉ ደግሞ ዜሮ ሆነ።

እማ ሩቂያ የመጡ ቀን ሁንዴ፣ ፈይዛና አቡ ሁዳ ጀዳ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ጠበቁ። በሩ ተከፈተ፤ ቀድመው ከወጡት ውስጥ አንዲት ቀጭን ባልቴት ነበሩ። በነጠላ ጫማቸው ላይ አውሮፕላኑ የሰጣቸውን ካልሲ አጥልቀዋል፤ ግንባራቸው ላይ ለእንቅልፍ የሚሸፈንበት ጨርቅ እንደ ሻሽ ታስሯል። ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ዞሩ።

«ሁንዴ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማ ሩቂያ።»

«አልጋ ነው ያስተኛኸኝ! ሰማይ ላይ አልጋ! ቁልፍ ስትነካው እግርህን ይዘረጋልሃል። አንዲት ልጅ መጥታ ‹እማማ ምን ይምጣልዎ› አለችኝ፤ በስድሳ ዓመቴ ምን ይምጣልሽ ያለኝ ሰው የለም። አላህ ያሰንብትህ፣ ልጄ።»

በማግስቱ መካ ወጥተው ካዕባ ያለበት መስጊድ፣ ሐረም ገቡ። እማ ሩቂያ ካዕባን አዩ። የግድግዳው ምንጣፍ ላይ ያለውን እንደሚያወዳድሩ ሁሉ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ቆሙ፤ ከዚያ እጃቸው ብቻውን ወደ ላይ ሄደ። ሁንዴ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። የሚያወራው ነገር ፈለገ፣ አጣ። ፈይዛ እጁን ያዘችው። አሮጊቷ ለሞቱት ባላቸው ዱዓ አደረጉ፣ ለልጃቸው አደረጉ፣ ለባቲ ዝናብ ለመኑ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያ ረብ፣ የዚህን ልጅ ማይል አብዛለት» አሉ። ሁንዴ «አሚን» አለ። ዱዓዋ ምን እንደምታመጣበት ቢያውቅ ኖሮ ቀስ ብሎ ይል ነበር።

ፈይዛ ቤቱ ገባች። ቤት ማለት ሩዋይስ፣ መንግሥት ሰፈሩን ሲያፈርስ ከተረፉት ቤቶች በአንዱ የተከራያት ሁለት ክፍል ናት። እማ ሩቂያም አብረው ገቡ። ሳምንት ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሁንዴ አንድ ማታ ጾም ፈትተው ሻይ ሲጠጡ ነገሩን በቀስታ አነሳ።

«እማ ሩቂያ፣ መመለሻውን ልቆርጥ ነው።»

«ደግ። ያው አልጋዬ ነው አይደል?»

«እ... ወንበር ነው። በጣም ጥሩ ወንበር። መስኮት አለው።»

እማ ሩቂያ ስኒውን አስቀመጡ። «ተኝቼ መጥቼ ተቀምጬ ልመለስ? ባቲ ለሰው ሁሉ በስልክ ተናግሬያለሁ እኮ። ‹ተኝቼ ሄድኩ፣ ተኝቼ እመጣለሁ› ብያለሁ። የሰኞ ገበያ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ጉልበቴን አቅፌ ብወርድ ‹ሩቂያ ቀባጠረች› አይሉኝም? የኔ ልጅ፣ እኔ ውሸታም መባል አልችልም።»

ሁንዴ ሚስቱን አየ። ፈይዛ ደረቷ ላይ ካለችው ቦርሳ እስካሁን ያልመለሰችለትን ወርቅማ ካርድ አወጣች፣ በጣቷ አገላበጠችና መልሳ ከተተችው።

«ቪዛዋ ሦስት ወር ነው» አለች። «ማይሉን እንደገና አጠራቅም። ለአንተ ምን አላት? ሰማዩ ቤትህ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁንዴ ሙሽርነት የሚባለውን ነገር በአየር ላይ ነው ያሳለፈው። ሱብሂ ሶላት እንደተሰገደ እማ ሩቂያ በሩን ያንኳኳሉ፦ «ተነስ ልጄ! ማይል ሚስት አጠገብ ተኝቶ አይወለድም!» ፈይዛ ሻንጣውን ዘግታ በር ላይ ታቆምለታለች። ከፊሉ በሠራተኛው ትጋት ደስ ብሎት ቲኬት ይቆርጥለታል፤ ገለፈቱም መጋዘን ሞልቶ እስኪፈስ መጣ። ላውንጁ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች «ምነው፣ ዛሬም?» ማለት ጀመሩ። ሾርባው እንኳ ሰለቸው፤ ሾርባውም እሱን ሳይሰለቸው አልቀረም። አዲስ አበባ አርፎ፣ ጆንያ አሽትቶ፣ በዚያው ተመልሶ ቤቱ ሲገባ፣ አማቱ ከሰላምታ በፊት፦ «ስንት ገባ?» ይላሉ። እሱ ስልኩን ያሳያል። «ገና ነው» ይላሉ። ማታ ማታ ሚስቱ ከእናቷ ጋር ስትስቅ በግድግዳ ይሰማል፤ እሱ ሲገባ ዝም ይላሉ።

አንድ ቀን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ፣ የሚላክ ዕቃ ለመቀበል ካራንቲና ጎራ አለ። ሞላልኝና ሌሎቹ ከሥራ ገብተው ፍራሽ ላይ ተዘርግተዋል።

«ሙሽራው!» አለ ሞላልኝ። «ትዳር እንዴት ነው? ምነው ከሳህ?»

ሁንዴ ቁጭ አለ። ደክሞታል፤ ለመፍጠር አቅም የለውም። እንዳለ ተናገረው።

«አማቴ ከአልጋዬ ቀስቅሰው ወደ ሰማይ ይልኩኛል። ሚስቴ ሻንጣ ትዘጋልኛለች። እሳቸው ተኝተው አገራቸው እንዲገቡ እኔ ቁጭ ብዬ እመላለሳለሁ። ካርዴን መያዣ ይዘውብኛል። ሳምንት ሙሉ ሚስቴን ያየኋት ዛሬ ጠዋት ነው፤ እሱም ጫማዬን ስታቀብለኝ።»

 ሳቁ ፈነዳ፤ አንዱ ግድግዳውን መታ፣ አንዱ ትራሱን ነከሰ።

«ሁንዴ» አለ ሞላልኝ እንባውን እየጠረገ፣ «መሪ ሰጡኝ ስትል ዝም ብለንሃል። ሾርባው ስም ይጠይቃል ስትል ዝም ብለንሃል። ይህን ግን በአላህ! ውሸትም ልክ አለው።»

«ወላሂ እውነት ነው! አንድ ቃል አልጨመርኩም!»

ስልኩ ጮኸ። ከመድከሙ የተነሳ ሲነካው ድምፁ ለሁሉ ተከፈተ።

«ሁንዴ!» አለች የእማ ሩቂያ የባቲ ድምፅ፣ ክፍሉን ሞልታ። «ገና እዚያው ነህ? አውሮፕላን ሰው ይጠብቃል ያለህ ማን ነው? ተነስ!»

ሳቁ ተቆረጠ። ሞላልኝ አፉን ከፍቶ ስልኩን አየ፣ ሁንዴን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ሁንዴ ተነስቶ ሻንጣውን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ሞላልኝ ከፍራሹ ስር በገመድ የታሰረ ትልቅ ጥቅል ጎተተ አድርጎ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፦

«እሱስ ይሁን፣ ወንድሜ» አለ። «ኪሎ አለህ አይደል?»